ጭራቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የንጉሥ ካባ አቃጠልኩ። ሜክሲኮ አካባቢ የነበረ አንድ የቴአትር ቡድን በአልባሳት ክፍሉ ተለማማጅ አድርጎ ቀጥሮኝ ነበር። ካውያው ግሏል፤ እኔ ካባውን ትቼ በበሩ ስንጥቅ ልምምድ የሚያደርጉትን ተዋንያን አያለሁ። ጭሱን ከእኔ ቀድሞ ያየው አለቃዬ ጋሽ በላይ ነው።

"ውስጡ ሰው አለ?" አለኝ ካባውን አንሥቶ።

"የለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ጨርቅ ነው። ቁረጪና ጣፊበት።"

ጣፍኩበት። ንጉሡ ያን ዓመት ሙሉ ጀርባቸው ላይ እራፊ ይዘው ነገሡ። አንድም ተመልካች ልብ አላለም።

ከተለማማጅነት ወደ አልባሽነት፣ ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊነት፣ ከዚያም ወደ ክፍል ኃላፊነት ለመድረስ ጉልበቴን ጨረስኩ። ከሁሉም የወደድኩት አልባሽነትን ነው። አልባሽ ከመጋረጃው ጀርባ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ክሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ተዋናዩ ከመድረክ እስኪወርድ ቆማ የምትጠብቅ ናት። ቁልፍ ቢበጠስ፣ ቀሚስ ቢተረተር የምትጠራው እሷ ናት። አንድን ሰው ከገበሬ ወደ ዳኛ ለመለወጥ ሃያ ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ቡድኑ ሲበተን ወደ ፊልም ገባሁ። ያኔ ፊልሙ ሁሉ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ለሀብታሟ ልጅ ቀሚስ፣ ለድሃው ልጅ ጃኬት፣ መጨረሻ ላይ ቬሎ። አንዱን ቬሎ እያሳጠርኩና እያስረዘምኩ ለስድስት ሙሽሮች አልብሻለሁ። ስለዚህ ሮቤል የሚባል ወጣት ዳይሬክተር ካዛንቺስ አንድ ካፌ ውስጥ ቀጥሮኝ "ማዘር፣ ጭራቅ ትሰፊልኛለሽ?" ሲለኝ፣ ዋጋ እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

"ሰው እንዲስቅ ነው እንዲፈራ?" አልኩት።

"እንዲፈራ ነው እንጂ! ማለቴ፣ በቃ ሆረር ነው። ግን በጀት የለንም። ማዘር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ካሜራውም የውሰት ነው።"

ታሪኩን ያመጣው ከአባቱ አገር ነው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ካለ መንደር። ገደሉ ውስጥ ጭራቅ ይኖራል ይባላል። ሲመሽ ደጃፍ ይመጣና የእናትን ወይም የወንድምን ድምፅ አስመስሎ ስም ይጠራል። አቤት ብሎ የወጣ አይመለስም። ጭራቁ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ሁለቴ እንጂ ሦስቴ መጥራት አይችልም። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ከመሸ በኋላ ስሙ ሲጠራ ሁለቱን ዝም ብሎ ያሳልፍና በሦስተኛው ነው አቤት የሚለው። እናቴም፣ አገሯ ሌላ ቢሆንም፣ ማታ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ስንል ትቆጣን ነበር። ሮቤል ሲያወራ ያኔውኑ ልብሱ በዓይኔ ላይ መጣ።

ልብሱን የሠራሁት ላንቻ ባለው ቤቴ ግቢ ውስጥ ነው። ሰውነቱ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነው። በላዩ ላይ የፍየል ቆዳ ገጣጥሜ ለጠፍኩበት፤ ማጣበቂያው ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው። ጥርሱን ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቆርጬ ሞረድኩት። ጭንቅላቱ እስከ ትከሻ የሚወርድ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ለባሹ የሚያየውም የሚተነፍሰውም በጭራቁ አፍ ነው። ጥፍር ያላቸው ጓንቶች ከእጅጌው ጋር ተሰፍተዋል። ዚፑ ከኋላ ነው። ጎረቤቴ ልብሱን ገመድ ላይ ተሰቅሎ ስታየው አማተበች፤ በማግሥቱ ደግሞ እህቷን ይዛ መጥታ አሳየቻት።

የሚለብሰው ታደለ ነው። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በር ከፋች ሲሆን ቁመቱ ጉበን ይነካል። ሮቤል የመረጠውም በቁመቱ ነው፤ ትወና የሚባል ነገር ተምሮ አያውቅም። ሲበዛ ጨዋ ሰው ነው። ስለካው ሳይቀር "ይቅርታ እትዬ ዘነቡ፣ ጨርቅ አስፈጀሁዎት" ይለኛል። ያኔ የሰባት ወር ሴት ልጅ ነበረችው። ልብሱን ሊለብስ ሲል ስልኩን ለእኔ ያስረክበኛል፤ ሲከፈት ፊት ለፊት የልጅቷ ፎቶ ነው።

የቀረጽነው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ሊፈርስ ቀን በተቆረጠለት ሰፈር፣ አንድ ባዶ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ ዕቃቸውን አውጥተው ሲሄዱ ቁልፉን ለሮቤል ሰጡት። ቤቱ ሰኞ ይፈርሳል፤ እኛ የገባነው ሐሙስ ነው። አራት ቀን ነበረን። ከግራም ከቀኝም ሰው ዕቃ ይጭናል፣ ቆርቆሮ ይነቅላል። ሚኪ የሚባለው የድምፅ ባለሙያችን መዶሻው ፋታ እስኪሰጠው እየጠበቀ ነበር የሚቀዳው።

ታሪኩ የሌሊት ነው። ሌሊት ለመቅረጽ ግን አቅም የለንም። ስለዚህ ቀን እየሠራን መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ፕላስቲክና በብርድ ልብስ ደፈንነው። ውስጡ ድቅድቅ አለ። መብራቶቹ ሲበሩበት ደግሞ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል። እኔ በነጠላ ሆኜ ላብ ይወርደኛል፤ ታደለ ስፖንጅና ቆዳ ውስጥ ነው።

ጨዋታውን ያመጣው ሚኪ ነው። በመጀመሪያው ቀን "እዚህ ቤት ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ከሦስተኛው በፊት አቤት ያለ ለሁላችንም ማኪያቶ ይጋብዛል" አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋበዝኩ። ለምዶብኝ ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ ስሜ ሲጠራ ብድግ ስል የኖርኩ አልባሽ ነኝ። ታደለም ነቄ ብሎብኝ ከልብሱ ውስጥ ሆኖ ያጫውተኝ ጀመር። "እትዬ ዘነቡ! እትዬ ዘነቡ!" ይልና ልክ እንደ ጭራቁ ጸጥ ይላል። አቤት ስል ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

በሦስተኛው ቀን ግን ተማርኩ። ሁለቴ ሲጠራኝ መርፌዬን እየከተትኩ ዝም አልኩት። ሮቤል አጨበጨበልኝ። ሞኝነት አይደለ፣ ደስ አለኝ።

የዚፑ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰላም ነሣኝ። ካሜራው ከኋላ ሲመጣ ያብረቀርቃል። "ማዘር፣ ይሄ ጭራቅ ነው ጃኬት?" አለኝ ሮቤል። ስለዚህ ታደለን ካስገባሁት በኋላ ቆዳውን በዚፑ ላይ ደርቤ በጆንያ መርፌ እሰፋው ጀመር። መስፋቱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ መቅደዱ ሁለት ደቂቃ። ታደለ በእነዚያ ጥፍሮች ክር ሊበጥስ ቀርቶ አፍንጫውን ማከክ አይችልም። መቀሱን በጥብጣብ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሕግም አወጣሁ፤ በየሃያ ደቂቃው ታደለ ይወጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ደጅ ይቀመጣል።

ሦስት ቀን ሕጉ ተከበረ። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ያ ስፌት ይታየኛል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳላስበው አንገቴን እዳብሳለሁ፤ መቀሱ እንዳለ ለማረጋገጥ ነው። ሕያው ሰው እየሰፋሁ እንደምዘጋ ለራሴ በአፌ አልተናገርኩትም እንጂ ሆዴ ያውቀው ነበር።

እሑድ ጠዋት ልብሱን ከማዳበሪያው ሳወጣ የጭራቁ አገጭ ከውስጥ ተገንጥሏል። ማስቲሽ ቀብቼ መለስኩት። ማስቲሽ የቀባሁትን ሁልጊዜ አንድ ቀን ሙሉ ነፋስ ላይ አውለዋለሁ። እርጥቡ ሽታ ራስ ያዞራል፤ ይህን ማንም ጫማ ሠሪ ያውቀዋል።

"ሮቤል፣ ይሄ ዛሬ አይለበስም። ይናፈስ" አልኩት።

"ማዘር፣ በናትሽ! ነገ እኮ ቤቱ የለም። ማለቴ፣ የለም በቃ፣ አፈር ነው። ታደለም ሰባት ሰዓት ፈረቃ ይገባል። የቀረን አንድ ሲን ናት፣ የመጨረሻዋ።"

"ይሸታል እያልኩህ ነው።"

ታደለ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን አሸተተና ሳቅ አለ። "ግድ የለም እትዬ። ሆቴል በር ላይ ስንቱን ሽቶ ችዬ የለ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። የአልባሳት ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ልብሱ ከእጄ ካልወጣ ማንም አይለብሰውም። እሺ ያልኩት ሮቤልን ፈርቼ አይደለም። ሥራዬ መጨረሻው አምሮ እንዲታይልኝ ጓጉቼ ነው። ታደለን አስገባሁት፣ ጭንቅላቱን ደፋሁለት፣ ጀርባውን ሰፋሁት።

ትዕይንቱ ጭራቁ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሞ የቤቱን ልጅ የሚጠራበት ነው። ታደለ ጓዳ ገባና በሩ ተዘጋ። የጓዳው መስኮትም ተደፍኗል። ልክ ልንጀምር ስንል አንዱ አምፖል ተቃጠለ። ሌላ ሲፈለግ፣ ሲገጠም፣ አልበራ ሲል ጊዜው ሄደ። ሚኪ ማይኩን ጓዳው ውስጥ ሰቅሎ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ መቅጃውን ከፍቶ ተቀምጧል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ደቂቃው አልፏል። አምፖሉ እስኪገባ ብቻ አልኩ በልቤ።

"እትዬ ዘነቡ!" አለ ታደለ ከበሩ ጀርባ።

አፌ ሊከፈት ነበር። ሚኪ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "ማዘር፣ እንዳትሸወጂ!" አለ። ዝም አልኩ።

"እትዬ… ዘነቡ…"

ሮቤል ሁለት ጣቱን አነሣ። ካሜራማኑም የቤቱን ልጅ ሆና የምትተውነው ልጅም ሳቃቸውን አፍነው ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ። መቀሱን ይዣለሁ።

ሦስተኛው አልመጣም።

"ይሄ ሰውዬ እኮ አክተር ነው!" አለ ሮቤል። "አያችሁት? ካራክተሩን አልለቅም ብሏል። ሁለቴ ጠርቶ ጭጭ!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን ሳቄን ደብቄ የቀረውን ባወራ ውሸታም እሆናለሁ።

ሳቁ በረድ ሲል ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ተመለሰ። ታደለ ሲቀልድ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራው። አሁን ግን ሁለተኛው ተጎትቷል። መጨረሻው አልተሰማም ማለት ይቻላል። ማስቲሹም ትዝ አለኝ።

"ሚኪ፣ ምን ይሰማሃል?" አልኩት።

ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጫን አደረገው። "ምንም" አለ። ትንሽ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። "ምንም አይሰማም፣ ማዘር። ትንፋሹም።"

በሩን ገፋሁት፤ አልከፈት አለ። ታደለ ተደግፎት ወድቋል። ሮቤልና ሚኪ በትከሻቸው ገፍተው ለእኔ የሚበቃ ቀዳዳ ከፈቱልኝ። ስገባ የማስቲሹ ሽታ ዓይኔን አቃጠለኝ። በጀርባው ተንጋሏል። ስፌቱ ከሥሩ ነው። ያን የሚያህል ሰው በዚያች ጓዳ ውስጥ ማን ይገለብጠዋል? መቀሱን በጭራቁ አፍ አስገብቼ ወደ ታች ቀደድኩ። ስፖንጁ ይንሸራተታል፣ ቆዳው አልቆረጥ ይላል። በጥርሴም ሳልስብ አልቀረሁም። ፊቱ ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሚኪ የመስኮቱን ፕላስቲክ ገነጠለው፤ የቀን ብርሃን ገባ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ። ትንፋሽ አለ፤ ቀጭን ነው፣ ይቆራረጣል።

በሩን ከማጠፊያው ነቅለን ታደለን በላዩ አጋደምነው። መተላለፊያው በፈረሰ አጥር ተዘግቶ ስለነበር መኪና አይገባም፤ ለአምስት ተሸክመን እስከ አስፋልቱ ወጣን። ከወገቡ በታች አሁንም ጭራቅ ነው። ጥፍሮቹ ከበሩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለዋል። የቆመልን ታክሲ ሲያየን ነድቶ ሄደ። ሁለተኛውም አልቆመም። ሰው ይከበናል፣ ያማትባል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል።

"ፊልም ነው?" ይሉናል።

"ሰው ነው! ሰው ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ። ሮቤል መሀል መንገድ ቆሞ እጁን ያውለበልባል፤ ያለቅሳል።

አንዲት ሴትዮ መንገዱ ዳር ዕቃዋን ፒክአፕ ላይ እያስጫነች ነበር። ታደለን አየችው፣ ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረች።

"ቁም ሳጥኑን አውርደው።"

"እትዬ፣ ሁለተኛ ዙር አልመጣም እኮ።"

"አውርደው አልኩህ! ሰው ይሙት?"

ቁም ሳጥኑ አስፋልቱ ዳር ቀረ። ተመልሳ አግኝታው ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እጨነቃለሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ፒክአፑ ላይ ሆኜ ጓንቶቹን ቀደድኩና እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። ክሊኒክ ስንደርስ ኦክስጅን አደረጉለትና በሩን ዘጉብን። እጄ ላይ የቀረውን የልብሱን ቆዳ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የታደለ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ባለቤቱ ናት፤ ሆቴሉ ፈረቃውን አልገባም ብሎ ደውሎላታል። ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። የእሷን ግን አስታውሳለሁ።

"ማን ነው ያለበሰው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

እየሮጠች መጣች፤ ልጅቷን አዝላለች። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር። አልፋኝ ሄዳ በሩ ፊት ቆመች። ሁለታችንም እዚያ ቆመን የሆነ ሐኪም በወጣ ቁጥር ፊቱን እናነባለን። አመሻሽ ላይ ታደለ ዓይኑን ገለጠ። ቀድሞ የጠየቀው ስለ ፈረቃው ነው።

ሰኞ ቤቱ ፈረሰ። ያ ትዕይንት አልተቀረጸም። ሮቤል ፊልሙን ያለ ትዕይንቱ ጨረሰው፤ መጨረሻው ምኑም አይገባም፣ ተመልካችም ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ይህንኑ እያለ ወጣ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሮቤል ላንቻ ቤቴ መጥቶ ስልኩን አወጣ። የሚኪ መቅጃ የታደለን ሁለት ጥሪዎች ይዟቸው ነበር።

"ማዘር፣ ይሄ ድምፅ እኮ… ማለቴ፣ ለፊልሙ…" ብሎ ጀመረ። ቀና ብዬ አየሁት። ሳይጨርሰው አንገቱን ደፋ። "መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ከዚያ ቅጂውን እፊቴ አጠፋው።

ታደለ ሁለት ሳምንት ራሱን ሲያዞረው ቆይቶ ተሻለው። ወደ ሥራው ሊመለስ ሲል ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ያለ ቤቱ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አገኘሁት። ባለቤቱ ወንበር አቀረበችልኝ፤ ፈገግ አላለችም፣ አልፈርድባትም።

አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር። መጠየቅ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ የጥፋቴን ግማሽ እሱ ላይ ማድረግ ነው። ቢሆንም አልቻልኩም።

"ታዴ፣ ለምን ሦስተኛ አልጠራኸኝም? ሦስተኛ ብትጠራኝ እኮ እመጣልህ ነበር።"

ልጅቷን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወራት።

"አውቃለሁ፣ እትዬ" አለኝ። "ለሦስተኛው ትንፋሽ እያጠራቀምኩ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ያወራነውን አላስታውስም። ብርቱካን ስልጥ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው።

አሁን ሥራ አቁሜያለሁ። ወጣት አልባሾች ስለ ሙያው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህን ነው። ለባሹ በገዛ እጁ ማውለቅ የማይችለውን ልብስ አትስፉ። ማስቲሹ ሳይደርቅ አታልብሱ። ያለበሳችሁት ሰው ስማችሁን ሲጠራ በመጀመሪያው ሂዱ።